ከፌሻል ስትወጡ እጃችሁን ከፊታችሁ ላይ አንሱ

ሰላም ናችሁ ወዳጆች። ባለፈው እትም ስለ ፌሻል (ፊትን በእንፋሎት፣ በማስክና በመጭመቅ ማጽዳት) እና ስለ ፒሊንግ (የላይኛውን ቆዳ በአሲድ ማላጥ) ልዩነት ከጻፍኩ ወዲህ የሚመጣልኝ ጥያቄ ዞሮ ዞሮ አንድ ነው፣ "ተሰርቼ ወጣሁ፣ ከዛስ?" የሚል። እውነትም ከዛ በኋላ ስላለው ብዙ ቦታ የሚነግራችሁ የለም፣ መስታወት ያሳዩዋችኋል፣ አበራ አይደል ይሏችኋል፣ ከፍላችሁ ትወጣላችሁ፣ በቃ። ስለዚህ የዛሬው አምድ ሙሉውን የ"ከዛስ" ነው። እንደምታውቁት እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ ሰው ፊት ላይ ስሰራ 14 ዓመት የሆነኝ ሴት ነኝ፣ የሐኪም ነገር ሲሆን ሐኪም ጋር ሂዱ ብዬ ነው የማልፈው።

ጥያቄ፦ ሰላም እህቴ። የፊታችን እሁድ ሙሽራ ነኝ። ትላንት ረቡዕ ማታ ፌሻል ተሰራሁ፣ ጥቁር ነጥቦቹን በሙሉ በብረቷ ጨምቀው አወጡልኝ። ዛሬ ጠዋት ስነሳ ጉንጬና አገጬ አብጦ ጉብ ጉብ ብሏል። ስደውልላቸው ነይና ሌላ ማስክ እናድርግልሽ አሉኝ። ሚዜዎቼ ደሞ አንዷ በረዶ አንዷ ሎሚ ትላለች። አልቅሼ ሞትኩ፣ ምን ላድርግ? (የጨነቃት ሙሽራ፣ ከአያት)

መልስ፦ የኔ ሙሽራ፣ ይሄ መጽሔት እጅሽ እስኪገባ ሰርጉም መልሱም ቅልቅሉም ስለሚያልፍ የዛኑ ቀን ደውዬልሽ አውርተናል። እዚህ ያወጣሁት የጥር ሙሽሮች እንዲያነቡት ነው፣ እነሱም እንዳንቺው ጥቂት ቀን ሲቀራቸው ነው ፌሻል ትዝ የሚላቸው።

መጀመሪያ ነገር ፊትሽ አልተበላሸም። ጥቁር ነጥብ ሲወጣ ቆዳው በእንፋሎት ይለሰልስና ያቺ ጫፏ እንደ ቀለበት የሆነች ብረት ቀዳዳው ዙሪያ ትጫናለች፣ ውስጥ የተጠራቀመው ስብ ይወጣል፣ ግን ዙሪያው ያለው ሥጋም አብሮ ተጨምቋል እኮ። ሰውነትሽ ደሞ የጨመቀችው ባለሙያ ትሁን ሌላ አይለይም፣ ተጎዳሁ ብሎ ወደዛ ደም ይልካል፣ ለዛ ነው የሚያብጠው። አብዛኛውን ጊዜ በ1 ወይ በ2 ቀን ይወርዳል፣ ብዙ ከተጨመቀ 3 ቀንም ሊወስድ ይችላል። በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ደሞ ቅላቱ ቀይ ሆኖ ላይታይ ይችላል፣ ጠቆር ያለ ወይ ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ ነገር ነው የሚመስለው፣ ስለዚህ "ጠቆርኩ" ብለሽ የምትፈትጊው ነገር አይደለም።

በረዶ ያለችሽ ሚዜ ልክ ናት፣ ግን በረዶውን ራሱን ፊትሽ ላይ እንዳታስቀምጪው፣ በንጹህ ስስ ጨርቅ ጠቅልለሽ ትንሽ ያዝ አድርገሽ አንሺው፣ ደግመሽ ያዝ። ሎሚ ያለችሽን ግን ሰርጉ እስኪያልፍ ከፊትሽ አካባቢ አርቂያት። ሎሚ በጣም ኃይለኛ አሲድ ነው፣ የተጨመቀ ቆዳ ላይ ሲያርፍ ይለበልባል፣ ከዛ አልፎ ደሞ የሎሚ ጭማቂ ተቀብቶ ጸሐይ ላይ መውጣት ቆዳን እንደ እሳት የሚያቃጥልበትና ለወራት የሚቆይ ጥቁር ምልክት የሚተውበት ነገር አለ፣ ጤናአዳምም ልክ እንደዛው ነው፣ ቡና ላይ እንጂ ፊት ላይ ቦታ የለውም። ሌላ ማስክ ነይ ያሉሽንም አትሂጂ። ተናዶ የተቀመጠ ቆዳ ላይ ሌላ ነገር መደረብ ምኑ ነው መፍትሄው?

እስከ እሁድ የምትሰሪው በጣም ትንሽ ነው፣ ትንሽ በመሆኑ ነው ሰው የማያምነው። ጠዋትና ማታ ለብ ባለ ውሃ፣ አረፋው ብዙ ባልሆነ ክሌንዘር (የፊት ማጠቢያ) በጣትሽ ብቻ ታጠቢ፣ የገላ ሳሙና አይሆንም ምክንያቱም ሳሙና ቆዳው ራሱን የሚጠብቅበትን ስብ ጠርጎ ይወስደዋል። ሰፈራችሁ ውሃ ጠፍቶ ከጀሪካን የምትጠቀሚ ከሆነ ለፊትሽ የሚሆነውን አፍልተሽ አቀዝቅዥው፣ ሁለት ሳምንት ጀሪካን ውስጥ የተቀመጠ ውሃ የተከፈተ ቆዳ ላይ አይሆንም። ፎጣው ንጹህና የብቻሽ ይሁን፣ እንዳትፈትጊ፣ ጫን ጫን አድርጊ ብቻ። እርጥበቱ ሳይደርቅ ሽታ የሌለው ሞይስቸራይዘር (ማለስለሻ ክሬም)፣ ቀን ከሆነ ከላዩ ሰንስክሪን (የጸሐይ መከላከያ ክሬም)። የትራስ ልብሱን ዛሬ ማታ ቀይሪ። ሜካፕ ቢያንስ 24 ሰዓት አይነካሽ፣ ያንቺ ስላበጠ እስከ እሁድ ጠዋት ባትቀቢ ይሻልሻል። እሁድ ደሞ ለምታስውብሽ ልጅ ሳታፍሪ "ብሩሾችሽን አጥበሻቸዋል?" በያት፣ ቅዳሜ የሌላ ሙሽራ ፊት ላይ የዋለ ስፖንጅ ነው ሊነካሽ የሚችለው።

(ቅዳሜ ማታ ፎቶ ላከችልኝ፣ አገጯ ስር ሁለት ቀርተው ነበር እንጂ ሌላው ወርዷል። የሰርጉ ፎቶዎች ደሞ ያምራሉ፣ አንድም አይታይም።)

ለሌሎቻችሁ ሙሽሮች፣ የሚጨመቅበት ፌሻል ከሰርጉ በትንሹ 10 ቀን በፊት፣ ፒሊንግ ከሆነ አንድ ወር በፊት፣ እሱም ከዚህ በፊት ሞክራችሁት ቆዳችሁ የለመደው ከሆነ ነው። ለሰርግ ብሎ በህይወት የመጀመሪያውን ፒሊንግ መሰራት ማለት ያልተለማመዱትን ታኮ ጫማ አድርጎ ሙሉ ቀን መጨፈር ማለት ነው።

ጥያቄ፦ እህቴ ጤና ይስጥልኝ። ፒሊንግ ከተሰራሁ አራተኛ ቀኔ ነው። አፌና አፍንጫዬ ዙሪያ ቆዳው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተነሳ ነው፣ ሌላው ፊቴ ደሞ ከበፊቱ ብሶ ጠቁሯል። የሚነሳውን ልላጠው? እናቴ ለጋ ቅቤ ቀቢው ትለኛለች። ሌላ ደሞ ቤት ውስጥ እንጀራ የምጋግረው እኔ ነኝ፣ ችግር አለው? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ አትላጪው። አትላጪው። አትላጪው።

እንዲህ የምልሽ አስተማሪ መሆን አምሮኝ ሳይሆን በራሴ ፊት ስላየሁት ነው። ስራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ራሴ ላይ ፒሊንግ አድርጌ፣ በአምስተኛው ቀን ግንባሬ ላይ ጸጉሬ መነሻው ጋር አንዲት ልጣጭ ተንጠልጥላ መስታወት ባየሁ ቁጥር ታበሽቀኛለች፣ ለደንበኛ "አትንኪ" እያልኩ እውላለሁ እኮ፣ ማታ ቴሌቪዥን እያየሁ ሳላውቀው እጄ ሄደና ሳብ አደረኳት። ተንጠልጥላ የነበረችው ክፍል ወጣች፣ ግን ገና ያልደረሰውንም ቆዳ ይዛ ወጣች፣ ትንሽ ደም ነገር ታየ። ያቺ ቦታ የምስር ፍሬ የምታህል ጥቁር ምልክት ሆና 8 ወር ግንባሬ ላይ ተቀመጠች። ልጣጯ ብትተው ኖሮ በሁለት ቀን ራሷ ትወድቅ ነበር።

የኛ ቆዳ ጠባዩ ይሄ ነው። ቀለም የሚሰሩት ሴሎቻችን ንቁ ናቸው፣ ከጸሐይ የሚጠብቁን እነሱ ናቸው፣ ግን ቆዳው በተጎዳ ቁጥር፣ በጥፍርም ይሁን በእሳት ወይ በአሲድ፣ ያው የሚያውቁትን ስራ ይሰራሉ፣ ቀለም ያፈሳሉ። ነጭ ሰው ላይ ቅላት ሆኖ የሚያልፈው እኛ ላይ ጥቁረት ሆኖ ይቀመጣል። ቶማስ ፊትዝፓትሪክ የሚባለው አሜሪካዊ የቆዳ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1975 ቆዳን ጸሐይ ሲነካው በሚያሳየው ጠባይ በየአይነቱ ሲከፍል የመጀመሪያው ክፍፍል ለነጭ ቆዳ ብቻ ነበር፣ የኛ አይነቱ 5ኛና 6ኛው በኋላ ነው የተጨመረው። ይሄን የማነሳው ወደፊት ፒሊንግ ወይ ሌዘር ስትሰሪ "በጥቁር ቆዳ ላይ ሰርታችሁ ታውቃላችሁ ወይ፣ የፒሊንጉን አሲድ ምን ያህል ፐርሰንት ነው የምታደርጉልኝ" ብለሽ እንድትጠይቂ ነው፣ ከተኮሳተሩ ተነስተሽ ውጪ።

አሁን የጠቆረው ግን እሱ አይደለም፣ አትፍሪ። ሊወድቅ የተዘጋጀው የላይኛው ቆዳ ሲደርቅ ቡናማ ሆኖ ይታያል፣ አፍና አፍንጫ ዙሪያ የሚጀምረው ደሞ ስናወራና ስንበላ ስለሚንቀሳቀስ ነው። ቀላል ፒሊንግ ከሆነ በሰባተኛው ቀን አካባቢ ያልቃል። በጣም ያስቀየመሽ ተንጠልጣይ ካለ በአልኮል በተጠረገ ትንሽዬ መቀስ ጫፉን ብቻ ቁረጪው፣ እንዳትስቢው።

ስለ ቅቤው፣ እናትሽን እንዳትቆጪያት፣ ፍቅር ነው። ግን ለጋ ቅቤ ንጽህናው አይታወቅም፣ አሁን ፊትሽ ላይ ያለው ቆዳ ደሞ በሩ የተከፈተ ቤት ነው። ጸጉርሽንም ቅቤ እንዳትቀቢ በዚህ ሳምንት፣ ሲቀልጥ ወደ ግንባርሽ ይወርድና ቀዳዳውን ይደፍነዋል፣ ከበዓል በኋላ ግንባራቸው ጉብ ጉብ ብሎ የሚመጡልኝ ብዙ ናቸው። ቅባት ነገር ካስፈለገሽ ታጥበሽ፣ ሞይስቸራይዘር ተቀብተሽ፣ በጣም የደረቀው ቦታ ላይ ብቻ የአተር ፍሬ የምታህል ተራ ቫዝሊን። ቫዝሊን ውሃ አይሰጥሽም፣ ያለሽ ውሃ እንዳይተን ክዳን ይሆናል፣ ለዛ ነው ፊትሽ ረጠብ ሲል የሚቀባው።

እንጀራው። እውነቱን ልንገርሽ በዚህ ጥያቄሽ በጣም ነው የወደድኩሽ፣ ምክንያቱም ደንበኞቼን ሁሉ "ሳውና እንዳትገቡ" እላለሁ፣ አንድም ቀን "ምጣድ እንዳትጥዱ" ብዬ አላውቅም ነበር። አስቢው፣ አክንባሎውን ባነሳሽ ቁጥር ያ ሁሉ እንፋሎት ጎንበስ ያለ ፊትሽ ላይ ነው የሚወጣው፣ 30 እንጀራ ከሆነ 30 ጊዜ። ሙቀት የደም ስሩን ያሰፋዋል፣ እብጠቱን ያቆየዋል፣ ጥቁረትንም ይጠራል። ስለዚህ ለአንድ ሳምንት ምጣዱን ለወንድምሽ ስጪው (ይማር!)፣ ካልሆነም ከገበያ ግዙ። ቡና ስትቆዪም ከከሰሉ ራቅ በይ፣ ጭሱ ፊትሽ ላይ አይምጣ።

ሬቲኖል (ከቫይታሚን ኤ የሚሰራ የቆዳ ማደሻ ቅባት) ወይ የቫይታሚን ሲ ቅባት የምትጠቀሚ ከሆነ መላጡ ሙሉ በሙሉ ሳያልቅ እንዳትመለሺ። እኔ የምጠቀምበት መለኪያ አለኝ፣ በውሃ ብቻ ታጥበሽ ሞይስቸራይዘር ስትቀቢ ቅንጣት ካልለበለበሽ፣ ይሄ ደሞ ሶስት ቀን በተከታታይ ከሆነ፣ ያኔ ጀምሪ፣ እሱም አንድ ቀን እየዘለልሽ።

ጥያቄ፦ ባንክ ነው የምሰራው፣ ቀኑን ሙሉ ቤት ውስጥ ነኝ። ከፌሻል በኋላ ሰንስክሪን ግድ ነው አሉኝ፣ ግን አዲስ አበባ ብርድ አይደል እንዴ? ስቀባው ደሞ አመድ የተነፋብኝ እመስላለሁ። (ከቦሌ)

መልስ፦ ብርዱ ነው የሚያታልለን። ብርድና የጸሐይ ጨረር ዝምድና የላቸውም። አዲስ አበባ ከባህር ወለል በላይ 2,350 ሜትር አካባቢ ናት፣ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ጨረሩ 10 በመቶ ያህል ስለሚጨምር ዝቅ ብሎ ባህር ዳርቻ ላይ ካለ ሰው ጋር ስትተያዪ ሩብ ያህል የሚጨምርብሽ እዚህ ነው፣ እኛ ደሞ ለምድር ወገብ ቅርብ ነን። ስስ ደመናም አብዛኛውን ያሳልፈዋል። "ቤት ውስጥ ነኝ" የምትይውም፣ ከቦሌ እስከ መስሪያ ቤትሽ ሚኒባስ ውስጥ መስኮት በኩል ነው የምትቀመጪው? መስታወት የሚያቃጥለውን ጨረር ያስቀራል እንጂ ቆዳን የሚያጠቁረውንና የሚያሸበሽበውን ብዙውን ያሳልፋል። መስኮት በኩል ያለው ጉንጫቸው ብቻ የጠቆረ ሹፌሮች አይቼ አውቃለሁ።

ኤስፒኤፍ (ሰንስክሪኑ ላይ የሚጻፈው የመከላከል አቅም ቁጥር) 30 በቂ ነው፣ ከሚያቃጥለው ጨረር 97 በመቶውን ያስቀራል፣ 50ው 98 ነው፣ ስለዚህ ለ100 ብላችሁ ገንዘብ አትጨርሱ፣ ችግሩ ቁጥሩ ሳይሆን የምንቀባው ማነሱ ነው። ሌባ ጣትሽና መሀል ጣትሽ ላይ ከስር እስከ ጫፍ ሁለት መስመር ጨምቂ፣ ያ ለፊትና ለአንገት ነው። ውጪ ከዋልሽ በየ2 ሰዓቱ ድገሚው።

ስለ አመዱ፣ ነጭ የሚያደርግሽ ዚንክ ኦክሳይድ ወይ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ያለበት ነው። ቀለም ያለውን፣ ቡናማ ሆኖ የሚመጣውን ፈልጊ፣ ውስጡ ያለው አይረን ኦክሳይድ አመዱን ከማጥፋቱም በላይ ተራው ሰንስክሪን የማያስቀረውን በዓይን የሚታየውን ብርሃን ይከላከላል፣ እሱ ብርሃን ደሞ ጠይምና ጥቁር ቆዳ ላይ ጥቁረት ያመጣል። ስስ ነጠላ ጣል ማድረግ ብቻውን ብዙ አይሸፍንም፣ ወደ ጸሐይ ይዘሽ እይው፣ ብርሃን ያሳልፋል። ድርብ አድርጊው፣ ወይ ጃንጥላ ያዢ፣ ጃንጥላ የክረምት ብቻ ነው ያለው ማነው?

ጥያቄ፦ ሰላም። እኔ ወንድ ነኝ፣ አትሳቁብኝ። ጸጉር ቤት ስሄድ ጸጉሬን ከተቆረጥኩ፣ ጢሜን በምላጭ ከተላጨሁ በኋላ እዛው ፌሻል ይሰሩኛል፣ እንፋሎት፣ ስክራብ፣ መጨረሻ ላይ አልኮል ይረጫል። በሶስተኛው ቀን አንገቴ በሙሉ ጉብጉብ ይላል። (ከአዳማ)

መልስ፦ ወንድሜ ማንም አይስቅብህም፣ ከደንበኞቼ ብዙዎቹ ወንዶች ናቸው፣ ከሴቶቹ ይልቅ ምክር የሚሰሙትም እነሱ ናቸው።

ያንተ ችግር ቅደም ተከተሉ ነው። ምላጭ ራሱ አንድ ስክራብ ነው፣ የላይኛውን ቆዳ ይዞ ይሄዳል። በላዩ ላይ ያን ሻካራ ስክራብ ሲያሹብህ ሁለተኛ ተላጨህ፣ አልኮሉ ሶስተኛ። ጉብጉቡ ደሞ ሁሌ ብጉር አይደለም፣ የኛ ጢም ጥቅልል ስለሆነ በጣም ስር ድረስ ሲላጭ ጫፉ ሹል ሆኖ ይቀርና ሲያድግ ወደ ውጪ በመውጣት ፈንታ ተጠምዝዞ ቆዳህን ይወጋዋል። በቅርበት ካየኸው ውስጡ የተጠቀለለች ጸጉር ትታያለች። በመርፌ እንዳትቆፍራት።

ከአሁን በኋላ ፌሻልና ምላጭን በተለያየ ቀን አድርጋቸው፣ መሀላቸው ቢያንስ 2 ቀን ይኑር። ጢምህን በምላጭ ከማለት በማሽን ትንሽ አስቀርቶ ማሳጠር አንገትህን ያሳርፈዋል፣ ምላጭ ግድ ከሆነ ጸጉሩ ወደሚተኛበት አቅጣጫ አንዴ ብቻ። አልኮሉን "ለኔ ይቅርብኝ" በል፣ አልኮል የሚያስፈልገው ለማሽኑ እንጂ ለቁስልህ አይደለም። ምላጩ አንተ እያየህ አዲስ መከፈቱን አረጋግጥ፣ ይሄ የውበት ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ ሄፓታይተስ ቢ በምላጭ ይተላለፋል።

ጥያቄ፦ ጸሐይ ሲነካኝ ከንፈሬ ላይ ምች ይወጣብኛል። ባለፈው ፒሊንግ በተሰራሁ በሶስተኛው ቀን ከንፈሬ ዙሪያ በሙሉ ውሃ ቋጠረ። ዳማ ከሴ አሸሁበት፣ ባሰ። ሰሪዋን ለምን ሰራሽኝ ስላት ምች እንዳለብሽ አልነገርሽኝም አለች። (ከጎንደር)

መልስ፦ ልጅቷም አንቺም ትንሽ ትንሽ ጥፋት አላችሁ፣ እሷ መጠየቅ ነበረባት፣ አንቺም መንገር።

እናቶቻችን ሽታ ያለው ምግብ በልታችሁ ጸሐይ ላይ አትውጡ፣ ምች ይመታችኋል ይሉናል። ሽታው ላይ አልከራከራቸውም፣ ጸሐዩ ላይ ግን ልክ ናቸው። ከንፈር ላይ ውሃ የሚቋጥረው ምች ብዙውን ጊዜ ኸርፐስ የሚባል ቫይረስ ነው፣ አንዴ ከያዘ ነርቭ ውስጥ ተኝቶ ይኖራል፣ ጸሐይ፣ ትኩሳት፣ ድካም ይቀሰቅሰዋል፣ ፒሊንግና ሌዘርም እንደዛው። ቆዳው ገና የተላጠ ስለሆነ ደሞ ከንፈር ላይ ይቆም የነበረው ወደ ጉንጭ ይሰፋል። ዳማ ከሴን እንደልማዳችሁ አሽትቱት፣ የተላጠ ፊት ላይ ግን ማሸት ቁስሉን መፈተግና ቫይረሱን ማሰራጨት ነው።

አሁንም ካልደረቀ ዛሬውኑ ሐኪም ጋር ሂጂ፣ በተለይ ወደ ዓይንሽ ከተጠጋ ነገ አትበይ። ለሚቀጥለው ደሞ ከመሰራትሽ በፊት ሐኪም አማክሪ፣ እንደ አሲክሎቪር ያለ መድኃኒት አስቀድሞ የሚታዘዝበት መንገድ አለ፣ ራስሽ ከፋርማሲ ገዝተሽ እንዳትጀምሪ። ከንፈርሽ ላይ ቁስል እያለ ቀጠሮ ቢኖርሽም ሰርዢው።

ጥያቄ፦ ከጅዳ ነው የምጽፍልሽ። በእረፍት ቀኔ ፌሻል ተሰራሁ፣ በማግስቱ መታጠቢያ ቤት በበረኪና ሳጥብ ፊቴ እሳት ሆነ። አለርጂ ነው? (ከጅዳ)

መልስ፦ እህቴ አለርጂ ላይሆን ይችላል፣ የበረኪና ትነት ደህናውንም ቆዳ ይለበልባል፣ ከፌሻል ማግስት ደሞ ቆዳሽ መከላከያው ስስ ነው። ከተቻለ ፌሻሉን በማግስቱ የእጥበት ስራ በማይበዛበት ቀን አድርጊው። ካልተቻለ መስኮት ክፈቺ፣ የአፍና አፍንጫ ማስክ አድርጊ፣ በረኪናውን በቀዝቃዛ ውሃ አቅጥኚው፣ በጓንትሽ ፊትሽን እንዳትጠርጊ። በረኪናን ደሞ ከሌላ የሽንት ቤት ማጽጃ ጋር በጭራሽ አትቀላቅዪ፣ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል፣ ያ ከፊት ይበልጣል። ቀኑን ሙሉ ኤሲ ስር ስለምትውዪ ቆዳሽ ቶሎ ይደርቃል፣ ሞይስቸራይዘሩን ቀን ላይም ድገሚው፣ ክሬም ውድ ከሆነብሽ የፋርማሲ ግሊሰሪን ጥቂት ጠብታ በረጠበ እጅ ላይ አቅጥነሽ ተቀቢው፣ በደረቁ አይሆንም።

ጥያቄ፦ ልጄ እንደምን አለሽ። 58 ዓመቴ ነው። ሁለቱም ጉንጬ ላይ ማድያት አለብኝ። ሱቅ ውስጥ ቀላቅለው የሚሸጡትን ክሬም ሁለት ዓመት ተቀባሁ፣ መጀመሪያ ጠርቶልኝ ነበር። አሁን ሳቆመው ይቀላል፣ ያቃጥለኛል። ልጆቼ ፌሻል ወስደውኝ በእንፋሎቱ ጭራሽ ፊቴ ተቀቀለ። (ከደሴ)

መልስ፦ እንደምን አሉ እማማ። እርስዎ የጻፉትን ሁለቴ ነው ያነበብኩት፣ ምክንያቱም የርስዎ ጉዳይ ፌሻሉ አይመስለኝም፣ ክሬሙ ነው። ሲቀቡት የሚጠራ፣ ሲያቆሙት የሚቀላና የሚያቃጥል ቅባት ውስጡ እንደ ቤታሜታዞን ወይ ክሎቤታሶል ያለ ስቴሮይድ እንዳለበት ያጠራጥራል። እሱ ለአጭር ጊዜ በሐኪም ሲታዘዝ ጥሩ መድኃኒት ነው፣ ፊት ላይ ሁለት ዓመት ሲቀባ ግን ቆዳውን ያሳሳዋል፣ መስታወት ላይ ቀጫጭን የደም ስሮች ይታይዎት ይሆናል። እንዲህ የሳሳ ቆዳ እንፋሎት አይችልም።

ቀለል ባለ ክሌንዘር ይታጠቡ፣ ሽታ የሌለው ሞይስቸራይዘርና ሰንስክሪን ብቻ ይቀቡ፣ እኔም ሆንኩ ሌላ የውበት ባለሙያ ፊትዎን አይንካ። የቆዳ ሐኪም ጋር ግን በዚህ ሳምንት ይሂዱ፣ ደሴ ስለሆኑ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ቅርብዎ ነው፣ አዲስ አበባ የሚመጡ ከሆነ ደሞ አለርት ሆስፒታል አለ። የክሬሙን ዕቃ ባዶም ቢሆን ይዘው ይሂዱ፣ ስም ባይኖረውም። እንዴት እንደሚያቆሙት እነሱ ይንገሩዎት፣ ለሁለት ዓመት የለመደን ቆዳ በራስ መንገድ ማስጣል ይከብዳል። ለማድያቱ ፌሻል መድኃኒት አይደለም፣ ማድያት ከሆርሞን፣ ከጸሐይና ከሙቀት የሚመጣ ነገር ነው፣ ይሄን ለልጆችዎ ይንገሩልኝ፣ ወስደው ያሰሩዎት ለመልካም ብለው እንደሆነ አውቃለሁ።

አጫጭሮቹን ባንድ ላይ

ሞሮኮ ባዝ መቼ? ብላችሁ ሦስት ሰው ጽፋችኋል፣ ከፌሻል በፊት ካልሆነ ከሳምንት በኋላ፣ ያ ሻካራ ጓንት የተጨመቀ ፊት ላይ መሄዱን ሳስብ እኔን ያመኛል። ወይባም እንደዛው፣ ሙቀት ነው። ጂም 2 ቀን ይቆይ፣ ላብ ይለበልባል። ቅንድብ በክር ከፌሻሉ በፊት ባለው ሳምንት ጨርሱት፣ ወይ ከአንድ ሳምንት በኋላ።

"እሬት ከጓሮ ቆርጬ ልቀባ?" ላልሽው፣ ሲቆረጥ የሚወጣው ቢጫ ፈሳሽ ነው የሚያሳክከው፣ አቁመሽ አንጠፍጥፊው፣ ልጣጩን ገፈሽ ውስጡን ነጭ ብቻ፣ መጀመሪያ ክንድሽ ላይ ሞክሪ። ፒሊንግ ከሆነ ይቅርብሽ።

እርጉዝ ነኝ ያልሽው እናት፣ ቀላል ፌሻል ችግር የለውም፣ ፒሊንግ፣ ሬቲኖልና ሃይድሮኪኖን (ጥቁረት የሚያነጣ ቅባት) ግን ከወለድሽና ሐኪምሽን ካማከርሽ በኋላ።

መግል ከያዘ፣ እየሰፋ ከሄደ፣ ትኩሳት ካለው፣ ከ3 ቀን በኋላ እየቀነሰ ሳይሆን እየባሰ ከመጣ፣ ወደ ሰራችሁ ሰው ሳይሆን ወደ ጤና ጣቢያ።

"ፌሻል በስንት ጊዜ ልሰራ?" ላልሽው የዩኒቨርስቲ ተማሪ፣ ቆዳ ራሱን ለማደስ 4 ሳምንት ያህል ይፈጅበታል፣ ስለዚህ ከዛ በታች አያስፈልግም። ተማሪ ነሽ ብር የለሽም ደሞ፣ በዓመት ሁለቴ ተሰሪና በቀረው ሰንስክሪን ግዢበት።